ሠራዊት በጅምላ፣ ሰው በነጠላ

ጦርነትን ጨዋታ ያደረገ ሰው ጦርነት ወዳድ ይመስለናል። እንግሊዛዊው ደራሲ ኸርበርት ጆርጅ ዌልስ፣ ዓለም በአጭሩ ኤች ጂ ዌልስ ብሎ የሚያውቀው፣ ይህን ግምታችንን የሚያፈርስ ሰው ነው። በዘመን ውስጥ ስለሚያጓጉዘው መኪና፣ ስለማይታየው ሰው፣ ከማርስ ስለመጡት ወራሪዎች የጻፈው እሱ ነው። ያው ብዕር በ1913 ስለ አሻንጉሊት ወታደሮች አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ማሳተሙን ግን ብዙዎቻችን አናውቅም። ርዕሷ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ትናንሽ ጦርነቶች» ነው። (ውድ አንባቢያን፣ «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለዚህ ሰው እንድጽፍ ያነሳሳኝ የእህቴ ልጅ ነው። ቀን ቀን ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ በሚገኝ ቢሮ ከኮምፒዩተር ጋር ይውላል፤ ማታ ማታ ገርጂ ባለው ኮንዶሚኒየም ቤቱ ሠራዊት ይቀባል። ሠራዊት ስል ቁመታቸው 28 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ የፕላስቲክ ወታደሮች ማለቴ ነው። ሁሉም ሰዎች አይደሉም፤ አጥንታቸው የወጣ ሙታን አሉባቸው፣ ቆዳቸው አረንጓዴ የሆነ ጭራቆች አሉባቸው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ይዞለት በቦሌ ኤርፖርት ይገባሉ። አንድ ቅዳሜ ቡና ጠርቶኝ አርባውን በአንድ ምሽት ሲጨርሳቸው አየሁ።

ዘዴው ቀላል ነው። አርባውንም ካርቶን ላይ ያሰልፍና ጥቁር የሚረጭ ቀለም ይነፋባቸዋል። ሲደርቅ ሦስት ቀለም ብቻ ይመርጣል፤ አንዱ ለቆዳ፣ አንዱ ለልብስ፣ አንዱ ለብረት። አንዱን ወታደር ከእግር እስከ ራስ ጨርሶ ወደሚቀጥለው አይሄድም፤ የአርባውን ቆዳ ይጨርስና የአርባውን ልብስ ይጀምራል። ቀጥሎ በውሃ የቀጠነ ቡናማ ቀለም ያለብሳቸዋል፤ ቀለሙ ወደ ስርጉዱ ወርዶ ጥላ ይሆናል። ከዚያ ብሩሹን ነጣ ያለ ቀለም ነክሮ በሶፍት ይጠርገዋል። ሊደርቅ ጥቂት የቀረውን ብሩሽ በላያቸው ላይ ሲያመላልሰው ወጣ ወጣ ያለው ቦታ ብቻ ይነጣና ብርሃን ያረፈበት ይመስላል። በመጨረሻም መቆሚያቸው ላይ ማጣበቂያ ቀብቶ አሸዋ ይነሰንስበታል። ዓይን አይሥልላቸውም። ጠረጴዛ ላይ ሲሰለፉ ዓይናቸውን የሚያይ የለምና።

ይህ ዘዴ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የዓድዋን ሥዕል ያላየ የአዲስ አበባ ሰው የለም። በላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ በአንድ ወገን አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ፣ መሀል ላይ በረድፍ በረድፍ የተደረደረ ሠራዊት። ሠዓሊው አስቀድሞ መስመሩን ያወጣል፣ ከዚያም ጥላ የሌለው ደማቅ ቀለም ይሞላበታል። አንድ ራስ ከሣለ በኋላ ያንኑ ራስ ደግሞ ደጋግሞ ይደረድረዋል። የእኛ ወገን በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያያል፤ ጠላት ግን በጎኑ ስለሚሣል የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። ይህ ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል የተወረሰ ሕግ ነው። ሠራዊትን ቶሎ መሣል የፈለገ ሰው ሁሉ፣ ገርጂም ይሁን ጎንደር፣ አንድ ነገር ማድረጉ አይቀርም፤ ነጠላውን ሰው ትቶ ጅምላውን ይሥላል።

አሻንጉሊት ላይና ሸራ ላይ ይህ ነውር የለውም። ችግሩ ያው ዓይን ወደ እውነተኛ ሰው ሲዞር ነው። የዌልስን ሕይወት እንድመረምር ያደረገኝም ይኸው ነው፤ ሰውየው ሁለቱንም ዓይነት ዓይን በአንድ ዕድሜ ውስጥ አይቶባቸዋል።

ዌልስ የተወለደው ሴፕቴምበር 21 ቀን 1866 ከለንደን ደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው ብሮምሊ ከተማ ነው። አባቱ ጆሴፍ የሸክላና የስፖርት ዕቃ የሚሸጥባት፣ ገበያ የማይጎበኛት ሱቅ ነበረችው፤ ክሪኬት ተጫውቶ የሚያገኛት ገንዘብ ኑሮን ትደጉም ነበር። እናቱ ሣራ ከትዳር በፊት የባለጸጋ ቤት አገልጋይ ነበረች። ልጁ በ1874 እግሩን ተሰብሮ አልጋ ላይ ሲውል አባቱ ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ እየተዋሰ ያመጣለት ገባ። ያ ስብራት አንባቢ አደረገው። ከንባቡም የጦርነት ምኞት ተወለደ። በ1934 ባሳተመው ግለ ታሪኩ እንደነገረን፣ ያ ከሲታ ልጅ በከተማዋ ዳርቻ ሲንሸራሸር በሐሳቡ ታላላቅ ጦሮችን ይመራ፣ ጠላት ይደመስስ ነበር።

ኑሮ ግን ጄኔራል አላደረገችውም። የአባቱ እግር ተሰብሮ የክሪኬቱ ገቢ ሲቋረጥ እናቱ ወደ ባለጸጋ ቤት ሥራዋ ተመለሰች፤ ልጁ ሳውዝሲ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ የጨርቃ ጨርቅ መደብር ውስጥ ተለማማጅ ሆነ። በቀን 13 ሰዓት ያህል እየሠራ፣ ከሌሎች ተለማማጆች ጋር አንድ ክፍል እያደረ ሁለት ዓመት ቆየ። በ1883 እናቱን ለምኖም አስፈራርቶም ከዚያ ወጣ። በአንድ ትምህርት ቤት እየተማረ ማስተማር ጀመረ፤ በ1884 ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ለንደን ገባና ከታላቁ የሥነ ሕይወት ሊቅ ከቶማስ ሀክስሊ እግር ሥር ተቀመጠ። ዲግሪውን የያዘው ግን በ1890 ነው። በመካከሉ፣ በ1887፣ መምህር ሆኖ ኳስ ሲጫወት ኩላሊቱን ተመትቶ ለረጅም ጊዜ ታመመ። የመደብር ተለማማጅ፣ የጤና ችግር ያለበት መምህር፤ በዚያ ዘመን እንግሊዝ ከጅምላው ተቆጥሮ የሚቀር ሰው ማለት ይህ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው እንደ ተረት ነው። በ1895 የጊዜው መኪና ወጣ፤ በ1897 የማይታየው ሰው፤ በ1898 የማርሶቹ ወረራ። ይህ የመጨረሻው ልብ ወለድ ከተራ ጀብድ በላይ ነው። ዌልስ በመጽሐፉ መግቢያ አካባቢ አውሮፓውያን የታዝማኒያን ነባር ሕዝብ እንዴት እንዳጠፉ ያነሳና፣ ማርሶቹ በእኛ ላይ ያደረጉት እኛ በሌሎች ላይ ካደረግነው በምን ይለያል ብሎ አንባቢውን ያፋጥጣል። እኛ ዓድዋ ላይ ወራሪ የመለስነው በ1888 ዓ.ም. መሆኑን አስታውሱ። ከዓድዋ በኋላ ሁለት ዓመት ሳይሞላ አንድ እንግሊዛዊ የወረራን ትርጉም በወራሪዎቹ አገር ገበያ ላይ እያወጣ ነበር።

እዚህ ላይ ዌልስን አወድሼ ብቆም ደስ ባለኝ። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1901፣ ስለ መጪው ዘመን በጻፈው ሌላ መጽሐፍ ግን በዚሁ ሰው እጅ የተጻፈ ለማለት የሚያስቸግር ገጽ አለ። መጪው ዓለም ቀልጣፋ ሰዎችን ብቻ እንደሚፈልግ ይነግረንና፣ ከዚያ ቅልጥፍና ውጪ የሚቀሩት ጥቁሮች፣ ጠይሞችና ቢጫዎች፣ «ቆሻሻ ነጮችም» ጭምር፣ ከምድር መጥፋታቸው የማይቀር ነው ይላል። ዕድሜው በሠላሳዎቹ አጋማሽ ነበር። ሕዝቦችን በአንድ ብሩሽ ቀባቸው፤ ዓይን አልሣለላቸውም። የጨርቃ ጨርቅ መደብሩ ልጅ ራሱ በዚያ ሚዛን ቢመዘን የት ይወድቅ እንደነበር የረሳው ይመስላል። ለፍትሕ ስንል ቀጣዩንም እንመዝግብ፤ በ1905 ባሳተመው ሌላ መጽሐፍ የዘር የበላይነትን አስተሳሰብ ራሱ ተነስቶ ተቸው።

በነዚያው ዓመታት እንግሊዝ ደቡብ ጠረፍ ላይ ሳንድጌት በተባለች ከተማ ቤት ሠርቶ ይኖር ነበር። በ1901 እና በ1903 ሁለት ወንዶች ልጆች ተወለዱለት። ያኔ የእንግሊዝ ሱቆች ብሪተንስ የተባለው የለንደን ኩባንያ ከ1893 ጀምሮ በሚሠራቸው፣ ውስጣቸው ባዶ በሆነ የእርሳስ ብረት ወታደሮች ተሞልተው ነበር። በፀደይ ሽቦ የእንጨት ጥይት የምትተኩስ የአሻንጉሊት መድፍም ነበረች። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ደራሲው ጄሮም ኬ ጄሮም እንግድነት መጥቶ ሳለ በዚያች መድፍ ወታደሮቹን ይመታ ጀመር። ጨዋታው የጀመረው እንዲህ ነው። ዌልስ የመጻሕፍት ጥራዞችን ተራራ፣ የእንጨት ጡቦችን ቤት፣ ከአትክልት ቦታ የቆረጠውን ቅርንጫፍ ጫካ አድርጎ ወለሉን አገር አደረገው።

ለእኔ፣ ሕግ ለተማርኩት፣ የመጽሐፏ ጣዕም ያለው በደንቦቿ ውስጥ ነው። እግረኛ በአንድ ተራ አንድ ጫማ ይራመዳል፣ ፈረሰኛ ሁለት ጫማ። መድፍ አጠገቡ ቢያንስ አራት ወታደሮች ከሌሉ አይተኩስም፤ ቢተኩስም በአንድ ተራ ከአራት ጥይት አያልፍም። እያንዳንዱ ተራ በሰዓት የተወሰነ ነው፤ ጊዜው ካለፈ ያልተንቀሳቀሰ ወታደር ባለበት ይቀራል። ሁለቱ ወገኖች ጦራቸውን ሲያሰልፉ መሀላቸው መጋረጃ ይዘረጋል። በጥቂቱ ከወገኑ ተነጥሎ በብዙ ጠላት የተያዘ አይገደልም፣ ይማረካል። ዳይስ የለም። የእኛም ሰንጠረዥ በመጀመሪያ ተራ ሳይጠበቅ ሁለቱም ወገን እንዳሻው የሚንቀሳቀስበት የወረራ ጊዜ አለው፤ የመጀመሪያው ወታደር ሲበላ ግን ተራ ይጀመራል። ዌልስም ሆነ የሰንጠረዥ አባቶቻችን ያወቁት አንድ ነገር ነው፤ ጦርነት ጨዋታ የሚሆነው ሁለቱም ወገን የሚገዙለት ሕግ ሲኖር ብቻ ነው።

መኮንኖች መጽሐፏን ወደዷት። የጦር ሠራዊቶች ከፕሩሲያ የተወረሰ የካርታ ላይ የጦርነት ልምምድ ነበራቸው፤ ዌልስ የእንግሊዝ ጦር የሚጫወትበትን አሰልቺ ሆኖ አገኘውና የሚሻሻልበትን መንገድ በመጽሐፏ መጨረሻ ጻፈ። በዚያ ክፍል ስለሰጠው ምክር የሚያመሰግነው ሰው ኮሎኔል ማርክ ሳይክስ ይባላል። ስሙን ሰምታችሁታል። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1916፣ ከፈረንሣዩ ፒኮ ጋር ሆኖ የኦቶማንን ግዛት በካርታ ላይ የከፋፈለው ያው ሳይክስ ነው። አንዱ የወለል ጨዋታ ደንብ ሲያማክር፣ ያው እጅ የእውነተኛ ሕዝቦችን ድንበር ሲያሰምር አስቡት። በወለሉ ጨዋታ መጨረሻ ላይ ወታደሮቹ ወደ ሳጥናቸው ይመለሳሉ። ሳይክስ ያሰመረው መስመር መዘዝ ግን እስከ ዛሬ ወደ ሳጥኑ አልተመለሰም።

ዌልስ ይህን ልዩነት አሳምሮ ያውቀው ነበር። በመጽሐፏ መደምደሚያ ላይ ጨዋታውን ትቶ በቀጥታ ለአንባቢው ይናገራል። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፤ ይህን ጨዋታ ሦስት አራት ጊዜ የተጫወተ ሰው ታላቁ ጦርነት ምን ያህል የስህተት ክምር እንደሚሆን ይገባዋል፤ የጦርነት ናፍቆት ያለባቸው ነገሥታትና ጄኔራሎች ሁሉ አንድ ክፍል ይሰጣቸውና በትናንሽ ወታደሮች ይዋጉ፤ የሚሰበር ሰው፣ የሚቃጠል ቤት አይኖርም። ይህን ያለው በ1913 ነው። አንድ ዓመት አልቆየም፣ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ።

ታዲያ በ1914 ምን አደረገ? ጦርነቱን ደገፈ። ጦርነትን ሁሉ የሚያስቀር የመጨረሻ ጦርነት ነው ብሎ ጻፈ፤ አባባሉም ከሱ አልፎ የዘመኑ መፈክር ሆነ። በ1918 ለጥቂት ወራት በጀርመን ላይ ፕሮፓጋንዳ ከሚያዘጋጀው የመንግሥት ቢሮ ጋር ሠርቶ ተሰናበተ። በመካከሉ ግን፣ በ1916፣ ልጁን በጦርነቱ ስላጣ አንድ አባት ልብ ወለድ አሳተመ። አባትየው መጨረሻ ላይ ልጁን ላጣ ጀርመናዊ ቤተሰብ ደብዳቤ ሊጽፍ ይቀመጣል። ጠላት በጎኑ መሣሉ እዚያ ላይ ቀረ፤ ሁለት ዓይን ኖረው።

ከጦርነቱ በኋላ ዌልስ አገሮችን የሚዳኝ አካል ካልተቋቋመ ሌላ እልቂት እንደሚመጣ ሲወተውት ኖረ። የመንግሥታት ማኅበር ሲቋቋም ከመነሻው ከሐሳቡ ደጋፊዎች አንዱ ነበር፤ የተቋቋመው ግን ጥርስ የሌለው መሆኑን አይቶ አዘነ። ጥርስ የሌለው መሆኑን ከኢትዮጵያ የበለጠ የቀመሰ የለም። በ1923 አባል ሆንን፤ በኦክቶበር 1935 ጣሊያን ወረረን፤ ማኅበሩ ነዳጅን ያልጨመረ ማዕቀብ ጥሎ በ1936 እሱንም አነሳው። በወለሉ ላይ መድፍ ከአራት ጥይት አያልፍም። ማይጨው ላይ ግን መርዝ ጋዝ የሚቆጥር ዳኛ አልነበረም። በነዚያው ዓመታት ብሪተንስ ኩባንያ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት የክብር ዘበኛ ወታደሮችን በእርሳስ ብረት ሠርቶ ለእንግሊዝ ልጆች ሸጧል። የእውነተኞቹ ቤተሰቦች አገራቸው ውስጥ ሲያለቅሱ፣ የለንደን ሱቅ መስኮት ላይ ቀለም የተቀቡ ወንድሞቻቸው በሳጥን ተደርድረው ነበር።

ዌልስ በዕድሜው ማምሻ ሠራዊት መደርደሩን ትቶ ነጠላውን ሰው መፈለግ ጀመረ። በ1920 ከሌኒን፣ በ1934 ከስታሊንና ከሩዝቬልት ጋር ተነጋግሮ ነበር፤ ኃያላኑን አሳምኖ ዓለምን ማስተካከል እንደማይቻል ያየው ይመስላል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር፣ በ1939፣ ለምን እንደምንዋጋ በጽሑፍ እንወቅ ብሎ ተነሳ። ከዚያም በሎርድ ሳንኪ ሰብሳቢነት ከተሠራው ኮሚቴ ጋር የመብቶች መግለጫ አረቀቀ፤ በ1940 በርካሽ ዋጋ የሚሸጥ ትንሽ መጽሐፍ አድርጎ ስለሰው መብት አሳተመው። የመግለጫው መነሻ እያንዳንዱ ሰው ዘሩ፣ ቀለሙ፣ እምነቱ ሳይጠየቅ የሚገባው ነገር አለ የሚል ነው። ምግብ፣ ሕክምና፣ ትምህርት፤ ያለ ክስ አለመታሰር፤ አለመገረፍ። በ1901 ሕዝቦችን በሙሉ ከዓለም የሰረዘ እጅ በ1940 አንድ ሰው እንኳ እንዳይሰረዝ ሕግ አረቀቀ። ዕድሜው 73 ነበር።

በ1914 ባሳተመው ልብ ወለድ የአቶም ቦምብን በስሙ ጠርቶ ገምቶት ነበር፤ በ1945 ሂሮሺማ ላይ ሲጣል በሕይወት አየው። ኦገስት 13 ቀን 1946 ለንደን ቤቱ ውስጥ ሞተ። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ ዲሴምበር 10 ቀን 1948፣ የተባበሩት መንግሥታት ሁሉን አቀፍ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫን አጸደቀ። የዌልስና የሳንኪ ሰነድ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ተደርጎ ይጠቀሳል። ድምፁ 48 የድጋፍ፣ 8 ድምፀ ተአቅቦ ነበር፤ ተቃውሞ አልነበረም። ከ48ቱ አንዷ ኢትዮጵያ ናት። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 13 ንዑስ አንቀጽ 2 የመብት ድንጋጌዎቹ ከዚያው መግለጫ መርሆች ጋር በተጣጣመ መንገድ እንዲተረጎሙ ያዛል። ስለዚህ ዌልስ ለሕግ ሰው ሩቅ ዘመድ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን የጀመረው ጦርነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ በስምምነት ተቋጨ። ከሁለቱም ወገን ስለወደቁት ሲነሳ የምንሰማው በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ግምት ነው። አንዱ አንድ ቁጥር ይጠራል፣ ሌላው እጥፉን ይጠራል፣ በመሀሉ ያለው ልዩነት ራሱ የአንድ ከተማ ሕዝብ ያህላል። ቦሌ ካፌ ውስጥ ማኪያቶ ይዘን ይህን ቁጥር ስንከራከርበት ሰምቻለሁ። የምንከራከረው በጅምላው ላይ ነው። ስም ዝርዝር ይውጣ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ ልጁ የት እንደወደቀ ይነገረው የሚል ክርክር ግን እምብዛም አይሰማም።

መጠየቅ ያለበት ግን እሱ ነው። መርዶ ያልደረሰው ቤተሰብ ሐዘን መቀመጥ አይችልም፤ ተዝካር ማውጣት አይችልም፤ በሕግ ዓይን ውርስ ማጣራት፣ ጡረታ መጠየቅ፣ ሚስት ዳግም ማግባት ሁሉ በእንጥልጥል ይቀራል። ይህን ለማስተካከል ቁጥር አይበቃም፤ መዝገብ ያስፈልጋል። የወደቀው፣ የጠፋው፣ የተማረከው በስሙ፣ በአባቱና በአያቱ ስም፣ በተወለደበት ቀበሌ የሚሰፍርበት፣ የትኛው ወገን እንዳሰለፈው የማይጠየቅበት መዝገብ። ወጪው ጦርነቱ ከፈጀው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው፤ የጎደለው ጠያቂ ነው።

ዌልስ ከዚያ ድምዳሜ ላይ ለመድረስ አርባ ዓመት ገደማና ሁለት የዓለም ጦርነቶች ፈጅተውበታል። ለእኛ ያን ያህል ሊፈጅብን አይገባም።